እስከ ሁለት የሚቆጥረው ድራመር

ችኩል ሰው የሌለበት ቤተሰብ፣ መሥሪያ ቤት ወይም ሰፈር አለኝ የሚል ሰው ካለ ውሸቱን ነው፤ ካልዋሸም ችኩሉ እሱ ራሱ ነው። ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ ሳይቆም ተነስቶ በሩ ላይ የሚንጠለጠለው ነው። ሊፍቱ ተጠርቶ፣ መብራቱ በርቶ እያየ ቁልፉን ደጋግሞ የሚጫነው ነው፤ ሊፍቱ ጣቱን አይቶ የሚደነግጥለት ይመስለዋል። ሻዩን ሳይበርድ ይጨልጥና በተቃጠለ ምላሱ «በሉ እንሂድ!» ይላል። ወሬ ስትጀምሩለት መሐሉ ላይ ሳትደርሱ «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላችሁና ያልገባውን ነገር ተሸክሞ ይሄዳል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላችሁ ልትመክሩት ብትሞክሩ እንኳ «የቸኮለች» ላይ ጥሏችሁ ይነሳል፤ አፍሳ መልቀሟን እስከ ዛሬ አልሰማም።

የዚህ ዘር አለቃ ክቡር አቶ ቶሎ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን ቶሎ ብሏቸው ቀርቷል። ክቡርነታቸው በሙያቸው ጎሚስታ ናቸው፤ የፈነዳ ጎማ ይጠግናሉ፤ ባለ መኪናው ወርዶ የትኛው ጎማ እንደሆነ ሳያሳያቸው በፊት ሌላኛውን ፈትተው ይጠብቁታል። ከዚያ በተረፈ የ«ብሎን» ባንድ ድራመር ናቸው። እዚህ ላይ አንቱታውን እናቁመው፤ «አንተ በለኝና ወደ ነገርህ ግባ፣ አንቱ ጊዜ ይፈጃል» ብሎ ራሱ ይቆጣል።

«ብሎን» ሦስት ሰዎች ናቸው። ግጥሙንና ዜማውን የምትሠራው፣ ጊታርም የምትመታው ድምጻዊቷ ቀኑን በፋርማሲ ውስጥ እንክብል ስትቆጥር ትውላለች። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው የአክስቷ ልጅ ሹፌር ነው፤ ቶሎንም ያመጣው እሱ ነው። ጎማ ሊያስጠግን ሄዶ ሳለ ሰውየው በማውለቂያው ብረት ቸርኬውን ሲደበድብ ሰማና «ይህ ሰው ድራም ቢሰጠው ምን ሊሆን ነው!» አለ። ምን እንደሚሆን የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ታየ።

ልምምዱ ከጎማ ቤቱ ኋላ ባለችው ጓዳ ነበር። ግድግዳው ሥር አሮጌ ጎማ ተደርድሯል፣ ጥግ ላይ ኮምፕረሰሩ እንደ አስም በሽተኛ ይተነፍሳል። ድምጻዊቷ ዓመታት ያጠራቀመቻቸውን ዘፈኖች ይዛ መጣች። ሁሉም ዝግ ያሉ፣ ሰው መስኮት ደገፍ ብሎ እያሰበ የሚሰማቸው ዓይነት ናቸው።

«ዝግ ያለ ነው» አለችው ቶሎን። «አራት ትቆጥርና ቀስ ብለን...»

«ገባኝ» አለ ቶሎ። ዱላዎቹን አጋጨና «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ገባ።

እሷና የአክስቷ ልጅ እጃቸውን በአየር ላይ አንጠልጥለው ሦስትና አራትን ይጠብቃሉ። ሙዚቃ እስከ አራት ተቆጥሮ የሚገባበት ነገር ነው ተብለው ነው ያደጉት። ሲነቁ ቶሎ ሩቅ ሄዷል። እሷ በደመ ነፍስ ጊታሯን ቧጨረች፣ ቤዙ ተደናቅፎ ተከተለ፣ ሁለቱም እየተጋፉ ሮጡና አዝማቹ ላይ ደረሱበት። መስኮት ደገፍ ተብሎ የሚሰማው ዘፈን አሁን መስኮት ሰብሮ የሚወጣ ሰው ይመስል ነበር።

«ሦስትና አራትስ?» ብላ ጮኸችበት።

«መንገድ ላይ ይደርሱብናል!» አለ ቶሎ፣ ሳያቆም።

ይኸው ነው እንግዲህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ዘፈን አራት ተቆጥሮለት አያውቅም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አንድ ሰሞን አኮረፈችው። የአክስቷ ልጅም በበኩሉ ራሱ እየቆጠረ ሊያስገባው ሞከረ፤ «ሁለት» ሲል ቶሎ የለም። ዝግ ያሉት ዘፈኖች አንድ በአንድ ሩጫ ሆኑ። ድምጿ ትንፋሽ አጥቶ በቁጣና በልመና መካከል ያለ ነገር ሆነ፣ ጊታሯ እንደ ቆርቆሮ ጮኸ፣ ቤዙ ወደ ኋላ መቅረት ስለሰለቸው ፊት ፊት መሄድ ጀመረ። እንዲህ ያለው ሙዚቃ ፖስት ፐንክ እንደሚባል የነገሯቸው በኋላ ነው። እነሱ ቶሎን እያሳደዱ መስሏቸው ነበር።

ከሙዚቃ ውጭ ያለው ቶሎ የባሰ ነው። ዝግጅት ካለ የአዳራሹ ዘበኛ ቁልፍ ይዞ ሳይመጣ ደርሶ የተቆለፈው በር ላይ ቁጭ ይላል፤ ሌሎቹ በሰዓታቸው ሲደርሱ «የት ቀራችሁ?» ብሎ ያኮርፋል። የምግብ ቤት አስተናጋጅ የምግቡን ስም ዘርዝሮ ሳይጨርስ የመጀመሪያውን አዝዞ፣ ሲመጣለት የሰው ሳህን እያየ ይቆጫል። ለአልበሙ ሽፋን ፎቶ ሊነሱ ሄደው ፎቶ አንሺው «ዝግጁ?» ሲል ቶሎ «ዝግጁ» አለና ተነስቶ ሄደ። በሽፋኑ ላይ ያለው ድምጻዊቷ፣ የአክስቷ ልጅ፣ እና በስተቀኝ በኩል የሚሸሽ አንድ ክርን ነው። ዛሬ ዛሬ ወጣት ባንዶች ፎቶ ሲነሱ አንዱን ገፍተው ከፎቶው ያስወጡታል አሉ፤ ጥልቅ ትርጉም ያለው መስሏቸው።

አልበሙን የቀረጹት ጎማ ቤቱ በተዘጋበት እሁድ ቀን ነው፣ የአክስቷ ልጅ ከጓደኛው በተዋሰው መቅረጫ። ሐሳባቸው እያንዳንዱን ዘፈን ደጋግመው ተጫውተው ጥሩውን ለመምረጥ ነበር። ቶሎ ግን አንዱን ዘፈን ተጫውቶ የመጨረሻው ድምፅ ገና በግድግዳው ላይ እያለ ለቀጣዩ ዱላውን ያጋጫል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያርፉ፣ ላብ ሳይጠርጉ፣ ጊታር ሳይቃኙ ወረዱት። ስሙንም «እስከ ሁለት» አሉት፤ ይህ የድምጻዊቷ ብሽቀት ነበር።

የመጨረሻው ዘፈን ግን ለብሽቀት የሚሆን አልነበረም። ታላቅ እህቷ እንደ እናት ሆና ያሳደገቻት ናት፤ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ። እህቷ ከሞተች በኋላ ወደዚያች ክፍል መግባት አቃታት፣ ይህንንም ዘፈን ያኔ ጻፈችው። «በሩን ቆልፌዋለሁ፣ ቁልፉ ግን ከውስጥ ነው» ብሎ ይጀምራል። በዓለም ላይ በትክክል እንዲወጣላት የምትፈልገው ነገር ቢኖር ይህ አንድ ዘፈን ብቻ ነበር፣ ሌላው ሁሉ እንዳሻው ይሩጥ።

ከቀረጻው በፊት ቶሎን ለብቻው ጠርታ «ሌላውን እንደፈለግክ አድርገው» አለችው። «የእህቴን ግን በእግዜር፣ ቀስ። እለምንሃለሁ።»

«ገባኝ» አለ።

ጊዜው ሲደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እንደምንም መዝፈኗን፣ ሁለተኛው አንጓ ላይ ድራሙ እንደ ልማዱ መጋለቡን፣ እሷም እየሮጠች መጨረሷን ታስታውሳለች። ዞር ስትል ቶሎ ድራሙን እያለበሰ ነበር። «አለቀ አይደል?» አላት። ጊታሯን አንስታ ወጣች። ያንን ዘፈን ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልሰማችውም። ከአሥሩ ዘፈኖች ዘጠነኛው ሲያልቅ ታጠፋዋለች።

አልበሙን አሳታሚ አላሳተመውም። ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሄደ። ከዚያ ሳያስቡት ሰው ሁሉ እጅ ውስጥ ተገኘ። ጋዜጠኞች ስለ እሱ ጻፉ። አንዱ «የአንድ ትውልድ ቁጣ» አለው፣ ሌላው «ዘመኑ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚሰማው ድምፅ» አለው። የሬዲዮ ጋዜጠኛ ጎማ ቤት ድረስ መጥቶ «ይህ እረፍት ያጣ ምት ከየትኛው የሕይወት ገጠመኝ የመነጨ ነው?» ብሎ ቶሎን ጠየቀው። ቶሎም «ጥያቄው አለቀ?» አለውና ወደ ጎማው ተመለሰ፤ ጋዜጠኛው ይህንንም እንደ ፍልስፍና አስተላለፈው።

አንድ ቀን ደግሞ ጊታር ያነገቱ ጎረምሶች መጡ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ላይ ያለው መደናቀፍ እንዴት ነው የሚሠራው? ስንት ጊዜ ሞክረን እኩል እየገባን ተቸገርን።»

ቶሎ ከልቡ ተገረመ። «እኔ መቼ ተደናቀፍኩ?» አላቸው።

በመጨረሻም እውነተኛ አሳታሚ መጣ። ለስላሳ ንግግር ያለው፣ ጫማው አቧራ የማይነካው ሰው ነው። ድምጻዊቷን ፋርማሲው ድረስ መጥቶ አነጋገራት። «ግጥምሽ ግሩም፣ ድምፅሽ ግሩም» አላት። «ድራም መቺው ግን መቁጠር አይችልም። እንዲህ ሆኖ በትልቁ ገበያ አይወጣም። ጥሩ ስቱዲዮ አለኝ፣ ጥሩ ድራመር አለኝ፣ እንደገና እንቅረጸው።»

መቆጣት ነበረባት። አልተቆጣችም። መጀመሪያ ትዝ ያላት የእህቷ ዘፈን ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚገባው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ለቶሎ መንገር ብቻ ነበር። የአክስቷ ልጅ «እኔ አልችልም፣ ጎማዬን የሚሠራልኝ እሱ ነው» ብሎ ሸሸ። እሷው ሄደች።

ቶሎ ጎማ ላይ ቆሞ በእግሩ እየረገጠ ነበር።

«ቶሎ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት። ስለ አልበሙ...»

«ሊታተም ነው! ገባኝ!»

«አዎ፣ ግን አሳታሚው እንዲለወጥ የሚፈልገው...»

«ሽፋኑ! ይለወጥ። ክርኔ ብቻ ነው የወጣው።»

«ሽፋኑ አይደለም። ድራሙ ነው። ድራሙን...»

«አዲስ ድራም ሊገዛልኝ ነው!» ጎማውን ትቶ በጥቁር እጁ እጇን ጨብጦ ነቀነቀው። «እግዜር ይስጠው! የእኔማ ቆዳው ተልትሏል። በይ ሂጂ፣ ሥራ አለብኝ፣ በደንብ አመስግኚልኝ!»

ድምጻዊቷ እጇ ላይ የተረፈውን ቅባት እያየች መንገድ ላይ ቆመች። ተመልሳ ልትገባ ሁለት ጊዜ ዞረች፣ ሁለት ጊዜም ተወችው። ለሰው ክፉ ነገር መንገር ያለበት ሰው ቢያንስ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አለበት፤ እሷ አንድም አልጨረሰችም። ስቱዲዮ የገባችው ሳትነግረው ነው።

አዲሱ ድራመር የሙዚቃ መምህር ነበር፤ ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ሰዓቱን አክብሮ የሚመጣ። ጆሮው ላይ ቲክ ቲክ የሚል ማሽን አድርጎ፣ እስከ አራት ይቆጥርና ልክ በቦታው ይገባል። ሁሉም እኩል ገቡ። ሁሉም እኩል ጨረሱ። ዘፈኖቹ ታጥበው የተተኮሱ ልብሶች ሆኑ።

«ጥሩ ነው አይደል?» አለ የአክስቷ ልጅ በእረፍት ላይ።

«ጥሩ ነው።»

«ታዲያ እኔን ምን ሆኜ ነው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለኝ?»

የእህቷ ዘፈን ደረሰ። ስትመኘው በኖረችው ዝግታ ተቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ድራሙ ገባ፣ ቤዙ ገባ። እሷ አፏን ከፈተች፣ «በሩን» የሚለው ቃል ግን አልወጣም። ሙዚቃው ጥሏት ሄደ። መምህሩ የመጀመሪያው ስንኝ ካለፈ በኋላ ነቃና አቆመ።

«መግቢያው አምልጦሻል» አላት በትሕትና። «ምንም አይደል፣ ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው ሆነ። አሁንም አመለጣት። ሦስተኛውም እንዲሁ። በመምህሩ መፍረድ አይቻልም፤ ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ጆሮው ላይ ያለው ማሽን ጊዜ እንጂ ሰው አያውቅም። ቀረጻው ለሌላ ቀን ተላለፈ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ፋርማሲው ጓዳ ገብታ የመድኃኒት ካርቶኖች መካከል ተቀመጠች። ተናዳለች፤ ለራሷ ማስረጃ ትፈልጋለች። «ቶሎ ዘፈኔን እንዴት እንዳበላሸው አንድ ጊዜ ልስማውና ይውጣልኝ» አለች። ስልኳን ከፍታ አሮጌውን ቅጂ ዘጠነኛው ዘፈን ላይ አደረገችው። ዘጠነኛው አለቀ። ቀጥሎ የዱላዎቹ መጋጨት ነበር የሚመጣው።

አልመጣም።

ኮምፕረሰሩ ይተነፍሳል። የራሷን ትንፋሽ ሰማች፣ ተቆራርጦ፣ አፍንጫዋ እርጥብ ነው። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ የአክስቷ ልጅ ድምፅ በሹክሹክታ መጣ፤ «ምን ሆነች? ጀምር እንጂ!»

«ቆይ» አለ ቶሎ።

ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ይህ ቃል ከዚያ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም፤ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ጸጥታው ቀጠለ። ጎማ ቤት ውስጥ ሰው የሚያለቅስበትን ያህል ቀጠለ።

«ኧረ መቅረጫው እየሠራ ነው...»

«ቆይ አልኩህ። ራሷ ትምጣ።»

ከዚያም ራሷ መጣች። ማንም ሳይቆጥርላት፣ ድምጿ ብቻውን፣ «በሩን ቆልፌዋለሁ» ብሎ ገባ። ድራሙ ቆይቶ፣ ከኋላዋ፣ በጣቱ የሚያንኳኳ እስኪመስል ለስልሶ ተከተላት። ሁለተኛው አንጓ ላይ ግን ጋለበ፤ ቶሎ ነዋ፣ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ! ድምጻዊቷ ካርቶኖቹ መካከል እየሳቀች አለቀሰች። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ እሱን ሲከተል የኖረ መስሏት ነበር። ለካ ችኩል ሰው ቀድሞ ስለሚደርስ ዕድሜውን የሚጨርሰው ሌላውን ሰው በመጠበቅ ነው፤ ያ በተቆለፈ በር ላይ ሲያኮርፍ የምታገኘው ሰው ሁልጊዜ እነሱን እየጠበቀ ነበር። በጣም ወደደችው። ይህንንም ለራሷ በግልጽ ተናገረች፣ አላፈረችበትም።

አሳታሚውን በዚያው ቀን አነጋገረችው። «ያለው እንዳለ ይታተም፤ አለበለዚያ ይቅር» አለችው።

«ልብ በይ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ተመላልሶ አይመጣም» አላት ሰውየው።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እኔ የለሁበትም» አለና ስልኩን ዘጋ። እውነቱን ነው፣ ተመልሶ አልመጣም፤ «እስከ ሁለት» ዛሬም የሚዞረው ከስልክ ወደ ስልክ ነው።

ከሥራ ስትወጣ ጎማ ቤት ሄደች። ቶሎ የመኪና ጎማ በርሜል ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን እየፈለገ ነበር።

«አሳታሚውን ትተነዋል» አለችው።

«በእኔ የተነሳ ነው።» ጥያቄ አልነበረም። ዓይኑን ከውኃው አላነሳም።

«ማን ነገረህ?»

«የአክስትሽ ልጅ ነዋ። እሱ ሆድ ውስጥ ነገር መቼ ያድራል? ሰውየው ድራመር ቀይሩ ባላችሁ ዕለት ማታውኑ ደውሎልኛል።»

ድምጻዊቷ ቀኖቹን በሐሳቧ መለሰቻቸው። «እንግዲያ ያን ቀን እኔ ስመጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አዲስ ድራም ሊገዛልኝ ነው ብለህ እጄን ስትነቀንቀው፣ አመስግኚልኝ ስትለኝ፣ ታውቅ ነበር?»

ቶሎ ጎማውን ከውኃው አወጣና ሱሪው ላይ እጁን ጠረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረውን የሚመርጥ ሰው መሰለ።

«የሰውን ንግግር ሁሉ ቀድሜ የምጨርሰው ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ነው» አላት። «ያንቺን ግን እንዳትጨርሺው ነበር የሮጥኩት።»